እማማ ዝንጣፊና የሰፈሩ አኻያዎች

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እናት፣ አያትና እህት የተወለዱት ከሰባ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ወንዙ ከከተማው ሊወጣ ሲል በሚታጠፍበት ሰፈር፣ በክረምት ነው። አባታቸው አናጺ፣ እናታቸው ደግሞ የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ የሚያዋልዱት እናታቸው ስለነበሩ፣ የራሳቸው ተራ ሲደርስ የሚያዋልዳቸው ሰው ጠፋ። አጠገባቸው የተገኘችውን አንዲት ደንጋጣ ሴት «ይህን ያዢ፣ ያንን አቀብዪኝ፣ ኧረ አትንቀጥቀጪ!» እያሉ፣ እርሳቸው ራሳቸው እያዘዙ ወለዱ ይባላል። እናትየው ይህን ታሪክ በተናገሩ ቁጥር አንድ ነገር ይጨምሩበት ስለነበር፣ የቱ እውነት የቱ ማጣፈጫ እንደሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ብቻ ልጅቷ ጤነኛ ነበረች፤ ጩኸቷም ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር አሉ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ልጆቻቸው «አጎቴ፣ አንተ ጻፈው፣ እኛ እንባ እየቀደመን ነው» ስላሉት እምቢ ማለት አልቻለም። የእንዲህ ያለ ጽሑፍ ደንብ ስለሆነ ስለ ራሱም «ወንድማቸው» እያለ ይጽፋል። እርሱ ዕድሜውን ሙሉ «እትዬ» ሲላቸው ኖሯል። እዚህ ግን ልጅ አዋቂው፣ ቢሮው፣ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «እማማ» ብሏቸዋል። ሙሉ የቅጽል ስማቸው «እማማ ዝንጣፊ» እንደነበር የማያውቅ እዚህ የለም፤ ካለም መንገድ ስቶ የመጣ ነው፣ ቢሆንም እንኳን መጣ።

እማማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዕፅዋት ነፍሳቸው ነበር። ሌላ ልጅ አሻንጉሊት ሲያቅፍ እርሳቸው ጭቃ የተለሰነ ጣሳ አቅፈው ይዞሩ ነበር። ቤት ውስጥ አፈር ሊይዝ የሚችል ዕቃ ሁሉ ከእርሳቸው መደበቅ ነበረበት። አንድ ጊዜ ወንድማቸው ለትምህርት ቤት መክፈቻ የተገዛለትን ጫማ ሊያደርግ ቢያነሳው፣ በግራው በኩል ሁለት ቅጠል ያላት የቃሪያ ችግኝ ብቅ ብላ አገኛት። እሪ ብሎ ቢከስሳቸው፣ አባታቸው ችግኟን አየት አየት አድርገው «እስቲ ትንሽ ጠብቅ፣ አሁን ብትነቀል ትሞታለች» ብለው ፈረዱበት። ልጁ አሮጌ ጫማ አድርጎ ትምህርት ጀመረ። ይህን ሲጽፍ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልበረደለትም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በከተማው ተከታትለዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ በጠባይ ግን አይባልም ነበር። ክፍል ውስጥ የረበሸ ተማሪ ቅጣቱ የትምህርት ቤቱን አትክልት ማጠጣት ነበር። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያቸው ልጅቷ ለምን ሁልጊዜ ልክ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንደምትረብሽ የገባቸው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በተማሪዎች ፊት አቁመው «ከዛሬ ጀምሮ ቅጣትሽ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው» አሏቸው። እማማ እስከ እርጅናቸው ድረስ ያን አስተማሪ የሚያስታውሱት በፍቅር ነው፤ «ያወቀብኝ እሱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የከተማው ውሃ አገልግሎት ቆጣሪ አንባቢ ሊቀጥር መሆኑን ሰሙና ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ሄደው ተመዘገቡ። በዚያ ዘመን በየግቢው እየዞረ ቆጣሪ የሚያነብ ሴት ታይቶ አይታወቅም ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ከራስ እስከ እግር ቃኝተዋቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ የእግር ሥራ ነው። ፀሐይ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ውሻ አለ» ቢሏቸው፣ «ፀሐዩና ዝናቡ እቤቴም ድረስ ይመጣሉ። ውሻውን ለእኔ ይተዉት» ብለው መለሱ። ኃላፊው ስቀው ቀጠሯቸው። ውሾቹም ቢሆኑ ጥቂት ወራት ካንገራገሩ በኋላ ጭራቸውን እየቆሉ በር ድረስ የሚሸኟቸው ሆኑ። አንድ ብቻ፣ የዳቦ ጋጋሪው ውሻ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አልወደዳቸውም። እማማም ስለ እርሱ ሲነሳ «ኩሩ ነበር» ይሉ ነበር።

ቆጣሪ ማንበብ ለሌላው ሰው ሥራ ነው። ለእማማ ግን በየሰው ግቢ ለመግባት የተሰጣቸው ፈቃድ ነበር። በር ያንኳኳሉ፣ «ከውሃ ነው» ይላሉ፣ ጎንበስ ብለው የቆጣሪውን ክዳን ይጠርጋሉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ይህ ሁሉ በአንድ አፍታ ያልቃል። ከዚያ ቀና ብለው ግቢውን ያያሉ። «ይቺ ጽጌረዳ ከየት መጣች? አንዲት ዝንጣፊ አትሰጪኝም?» ይላሉ። ማን ይከለክላቸዋል! ዝንጣፊዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ሁለት መንገድ አልፈው ደግሞ ሌላ ግቢ ሲገቡ «ግቢሽ ባዶ ነው እኮ፣ እንኪ ይቺን ትከዪ» ብለው ያወጧታል። እንዲህ እንዲህ እያለ የከተማው ግቢዎች ሳያውቁት ተዛመዱ። የሐኪሙ ቤት ጽጌረዳ የጫማ ሰፊው ቤት ጽጌረዳ ልጅ ናት፤ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ሐረግ አባቱ ያለው ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ነው። ቦርሳቸው ሲከፈት ከሰነዱ ይልቅ ቅጠሉ ስለሚበዛ ጓደኞቻቸው «ዝንጣፊ» አሏቸው። ስሙም በዚያው ጸናላቸው፤ ሲያረጁ «እማማ» ተጨመረበት።

ባለቤታቸው የዚያው መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ዝምተኛ፣ እጀ ወርቅ ሰው። እማማ አንድ የተበላሸ ቆጣሪ አመለከቱና ሊጠግኑ መጡ። ከዚያ በኋላ በእማማ ቀጠና ውስጥ የቆጣሪ ብልሽት ከመጠን በላይ በዛ። ሰውየው መፍቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ከፍተው ያያሉ፣ ምንም የለውም፤ ዘግተው ይሄዳሉ። በነጋታው ሌላ ብልሽት። ባለቤታቸው ብዙ ጊዜ አይናገሩም እንጂ ሲናገሩ፣ «እኔ ያገባኋት ያልተበላሸ ቆጣሪ ስጠግን ነው» ይሉ ነበር። እማማም «ታዲያ መፍቻህን ይዘህ መምጣቱን ለምን አልተውክም?» ብለው ይመልሱላቸው ነበር። በሃያ አምስት ዓመታቸው ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አድርሰው ከእማማ አስቀድመው አርፈዋል።

አኻያው የመጣው ከተጋቡ በኋላ ነው። እማማ ከተወለዱበት የወንዝ ዳር አንዲት የአኻያ ዝንጣፊ አምጥተው በአዲሱ ቤታቸው ደጃፍ ተከሉ። አኻያ መቼም ማደግ አይሰለቸው! ሁለት ክረምት ሳይሞላው ጥላ ሆነ። ያየው ሁሉ ጎመጀ፤ እማማም የለመኗቸውንም ያልለመኗቸውንም አደሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፈሩ አኻያ በአኻያ ሆነ። መንገደኛው ሁሉ ጥላ ለጥላ እየተሻገረ የሚሄድበት ሰፈር ስለሆነ ሰው ሰፈራችንን ሊያይ ይመጣ ጀመር። እማማ በዚህ ትንሽ ኮራ አሉ፤ ቢኮሩም አይፈረድባቸውም።

በዚያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ ከጎናቸው ያለውን ቤት ተከራይተው የገቡት። ባላቸው ከሞቱባቸው ብዙም አልቆየም፤ አንዲት የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ፍራሽና አንዲት ሕፃን ልጅ ይዘው መጡ። ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቁት ሰው አልነበረም። እማማ በማግሥቱ በር አንኳኩ። ልብስ ሰፊዋ የውሃ ዕዳ ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው «ገና ትናንት እኮ ነው የገባሁት!» ብለው ተቆጡ። እማማ አንዲት የአኻያ ዝንጣፊ አውጥተው ሰጧቸው። ልብስ ሰፊዋ «በዚህ ሰፈር የሰጡኝ የመጀመሪያ ነገር» እያሉ ኋላ ለደንበኞቻቸው ሁሉ ያወሩ ነበር። ዛፉ ሲያድግ መኪናቸውን ከሥሩ አወጡ። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የተለካችው እዚያ ጥላ ሥር ነው፤ ልጃቸውም ፊደል የቆጠረችው እዚያው ነው።

ሁለቱ ሴቶች እጅና ጓንት ሆኑ። የእማማ ባለቤት በአጥሩ መሀል ትንሽ በር ቀደዱላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም በዋናው በር ዞሮ የሚመጣ አልነበረም። ጨው ሲያልቅ፣ ልጅ ሲታመም፣ ነገር ሲቆጠቁጥ፣ ወይም ምንም ሳይኖር፣ ያቺ በር ስትከፈትና ስትዘጋ ትውል ነበር። አንዳቸው ቤት የተሠራው ወጥ ሌላኛዋ ቤት ሳይቀመስ አያድርም። ወንድማቸው ሲመጣ እህቱ ካሉበት ቤት ሊያገኛቸው አንዳንድ ጊዜ ሁለቱንም ቤት መዞር ነበረበት።

እማማ ከቆጣሪ አንባቢነት ወደ ተቆጣጣሪነት፣ ከዚያም የሰፈሩ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ደረሱ። በዚያ ወንበር በተቀመጡ በጥቂት ዓመታቸው ጉድ ፈላ። የሰፈሩ የታችኛው ክፍል፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ቤቶች፣ ውሃ አጡ። ውሃው ከላይ ይለቀቃል፣ ታች አይደርስም። እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ዳገት ይወጡ ጀመር። ሕፃን በጀርባ፣ ጀሪካን በእጅ፤ እማማ ያንን በመስኮት እያዩ ምግብ አልበላ አላቸው። ቱቦው ተቀየረ፣ ቫልቩ ተቀየረ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ የቁፋሮው ፎርማን መንገዱን አስቆፍረው አንድ ቁራጭ ቧንቧ ይዘው ቢሮ ገቡ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ውስጡ እንደ ሴት ፀጉር በተጎነጎነ ቀይ ሥር ተጠቅጥቋል።

«የአኻያ ሥር ነው፣ እማማ። መጋጠሚያውን እየፈለቀቀ ገብቶ ነው» አሉ ፎርማኑ። «መንገዱ በሙሉ እንዲህ ነው። ይሄን ሁሉ ዛፍ ማን ነው እዚህ የተከለው?»

ቢሮው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም ያውቃል፣ ፎርማኑ ብቻ ከሌላ ቅርንጫፍ በቅርቡ የተዛወሩ ናቸው። እማማ ተነስተው «እኔ ነኝ» አሉ።

ወንድማቸው ያን ማታ ሊጠይቃቸው ቢሄድ በጨለማ ተቀምጠው አገኛቸው። መብራቱን ሲያበራ «አጥፋው» አሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት ነገር ወደዱ፤ ለሰው ውሃ ማድረስና ዛፍ መትከል። አንዱ ሌላውን አንቆ ሲይዘው ማየት ለእርሳቸው ቀላል አልነበረም። ሆኖም ማዘን ለረጅም ጊዜ የሚችሉበት ሰው አልነበሩም። በማግሥቱ ተነስተው ሥራ ጀመሩ።

በመስመሩ ላይ ያሉት አኻያዎች ከነሥራቸው መነቀል ነበረባቸው። ጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ በትኖ መጋዝ ቢልክ ማንም አይከለክለውም ነበር። እማማ ግን «እኔ እጄን ዘርግቼ ሰጥቼ፣ በወረቀት አልወስድም» አሉ። በዚያ ጉልበታቸው በየቤቱ እየዞሩ በር አንኳኩ። ሰዉን አስቀምጠው ያስረዳሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ሥሯ አጭር የሆነች ሌላ ተክል በምትኩ ያቀርባሉ። አንዳንዱ ወዲያው ይፈቅዳል። አንዳንዱ «ተክለሽ ልትነቅይ ነው እንዴ የምትዞሪው? መጀመሪያስ ማን ጠየቀሽ?» ብሎ የአፉን ይናገራቸዋል። እማማ ሰዉ የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ ቆመው ይሰማሉ፣ ከዚያ እንደገና ይለምናሉ። ዳቦ ጋጋሪው ሦስት ጊዜ መልሰዋቸው በአራተኛው ፈቀዱ። አንድም ዛፍ ባለቤቱ እሺ ሳይል አልተነካም ተባለ። ሰፈሩም እንዲህ ብሎ አመነ፤ እማማም ራሳቸው እንዲህ ብለው አመኑ።

የመጀመሪያው የተቆረጠው የራሳቸው ነው። «ከእኔ ጀምሩ» ብለው ሠራተኞቹን ወደ ግቢያቸው አስገቡ። ያ ተቆርጦ ሲወድቅ እማማ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ በዚያው ልባቸው ቆርጦ ሳለ፣ በትንሿ በር በኩል አልፈው «ያንንም ጨምሩት» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ሊገዙ ገበያ ወጥተው ነበር። ለእማማ ያ ግቢ የሰው ግቢ አልነበረም። ከራሳቸው ለይተው አያዩትም ነበርና የሚጠየቅ ነገር መኖሩ ጨርሶ አልታያቸውም።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቃቸውን ታቅፈው ሲመለሱ የስፌት መኪናቸው ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ዙሪያው ሰጋቱራ ሞልቶ አገኙት። አልጮሁም። መኪናቸውን እየጎተቱ ወደ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሽቦ አምጥተው ትንሿን በር አሰሯት።

እማማ መጀመሪያ ነገሩ የሚያልፍ ኩርፊያ መሰላቸው። «ሥራ ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው፣ እሷ ካልገባት ማን ይግባው?» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ መልሳቸው «ተዉኝ» ብቻ ነበር። የታችኛው ሰፈር ውሃ አገኘ፤ እናቶቹም ከዳገቱ አረፉ። ሁለቱ ሴቶች ግን ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመታትም አለፉ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስትዳር እማማ የሰሙት ከዳቦ ጋጋሪው ነው። የእማማ ባለቤት ሲያርፉ ልብስ ሰፊዋ መጥተው ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው አልቅሰው፣ ማንንም ሳያናግሩ ሄዱ።

መቼም ሁለቱም አብደው ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ሳይነጋገሩ አንዷ ለሌላዋ መኖራቸውን አላቋረጡም። የእማማ የታጠበ ልብስ ንፋስ ወስዶት አጥር ከተሻገረ፣ ታጥፎ፣ አንዳንዴም የተቀደደው ተሰፍቶ፣ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። እማማ ጠዋት የመኪናውን ድምፅ ሳይሰሙ ከአልጋ አይነሱም። «እየሰፋች ነው፣ ደህና ናት» ይሉና ይነሳሉ። በልጅ ልጆቻቸው እጅ ችግኝ ይልኩ ነበር። ችግኙ በማግሥቱ አጥሩ ሥር ተመልሶ ይቀመጣል። ብቻ ሁልጊዜ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚመለሰው። ወንድማቸው ሊያስታርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ከሁለቱም በኩል ተገስጾ ወጣ። «አንተ አርፈህ ተቀመጥ» ያሉት ሁለቱም በአንድ ቃል ነው።

እማማ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ተከራይቶ ሽኝት አደረገላቸው። አዲሱ የቅርንጫፉ ኃላፊ ንግግር አደረጉ፤ መቼም አሳምረው ነበር። «እኚህ እናት» አሉ፣ «በዚያ ክፉ ጊዜ እያንዳንዱን በር ያንኳኩ፣ እያንዳንዱን ባለቤት የጠየቁ፣ ሰው እሺ ሳይላቸው አንዲት ቅርንጫፍ ያልነኩ ናቸው!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። እማማ ሲጨበጨብላቸው ፈገግ ማለት ጀምረው፣ ፈገግታቸው መሀል ላይ ቀጥ ሲል አየ። ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ወይ እኔ!» አሉ በቀስታ። ከዚያ ስጦታው ሳይሰጥ፣ ኬኩ ሳይቆረስ፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው በጎን በር ወጡ። ወንድማቸው ለሁሉም ይቅርታ እየጠየቀ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን አበባ ታቅፎ ተከተላቸው።

ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው፤ በግቢያቸው በኩል ሳይሆን በመንገድ ዞረው፣ በዋናው በር። እንደ ማንኛውም ቤት በር አንኳኩ። ልብስ ሰፊዋ ጣታቸው ላይ መርፌ መከላከያቸውን እንዳደረጉ ከፈቱ። ዓመታት ሙሉ ፊት ለፊት አልተያዩም ነበር።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

«ስለ አኻያሽ ፈቃድ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«የትኛው አኻያ? ያ የቆረጥሽው?»

«እሱ።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌ መከላከያቸውን ከጣታቸው አወለቁ። ከዚያ «አልፈቅድም» አሉ።

«መብትሽ ነው» አሉ እማማ። «ሰፈሩን በሙሉ ሰው ብዬ ጠየቅኩ። አንቺን ግን ራሴ ነሽ ብዬ ረገጥኩሽ። ዛሬ ነው የታየኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ይዘው ቆሙ። «እኔ እኮ ብትጠይቂኝ እሺ ነበር የምልሽ» አሉ። «የውሃውን ነገር እኔ አጥቼው ነው? አንድ ቃል ብቻ! ሳይገኝ የቀረ አንድ ቃል!» ከዚያ አለቀሱ፤ እማማም አለቀሱ፤ ወንድማቸው አበባውን የሚያደርግበት አጥቶ እርሱም አለቀሰ። ሲበቃቸው ልብስ ሰፊዋ የእማማን የሽኝት ቀሚስ አዩና «ይሄን ማን ነው የሰፋልሽ? ትከሻው ተጣሟል እኮ! ግቢ፣ አውልቂው» አሉ። ሽቦውም በዚያው ዕለት ከትንሿ በር ተፈታ።

የጡረታ ዘመናቸው የደስታ ዘመናቸው ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ይወጣሉ፤ የወፍ ጎጆ ያሳያሉ፣ የቅጠል ዓይነት ያስለያሉ፣ ትል የሚፈራውን ትል ያስይዛሉ። ልጆቹ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ሲመለሱ እናቶቻቸው ይቆጣሉ፤ እማማ «ይታጠባል» ብለው ያልፋሉ። ልብስ ሰፊዋ ወጣ ማለት የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ግን እርሳቸውም ሻይ በፔርሙስ ይዘው መከተል ጀመሩ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ፣ እማማ ይነግሯቸዋል፣ በማግሥቱ ይረሱታል፣ እንደገና ይጠይቃሉ። ቧንቧ በሌለበት፣ ሰው በማይቆፍርበት በወንዙ ዳር ሁለቱ ሆነው ብዙ አኻያ ተክለዋል። እማማ ጉድጓድ ከመቆፈራቸው በፊት ዞር ብለው «ይፈቀዳል?» ይሏቸዋል። ልብስ ሰፊዋም ትንሽ አስበው «እስቲ ይሁን» ይላሉ። ይህ ቀልዳቸው አንድም ቀን አልሰለቻቸውም፤ አብሯቸው የሄደውን ሰው ግን ያሰለች ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ይደክም ጀመር። ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳይወጡ፣ ዕቃ እንዳያነሱ፣ እንዳይቆፍሩ ነገሯቸው። እማማ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተቀበሉ። በዚህ ወር መጀመሪያ ሕመሙ ሲበረታ ሆስፒታል ገቡ። የተኙበት ክፍል ከቅርብ ቤተሰብ በቀር ሰው አያስገባም ነበር። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሲከለከሉ ድምፃቸውን የሰሙት እማማ ከአልጋቸው ሆነው «እህቴ ናት፣ አስገቧት» አሉ። ነርሷ ግራ ገብቷት «ወንድምዎ ግን ሌላ እህት ወንድም የለንም ብለውኛል» ብትላቸው፣ «እሱ ምን ያውቃል!» አሏት። ልብስ ሰፊዋ ገቡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየገቡ ፀጉራቸውን ያበጥሩላቸው፣ የሰፈሩን ወሬ ይነግሯቸው ነበር። እማማ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው እንዳሉ፣ እጃቸው በልብስ ሰፊዋ እጅ ውስጥ እንደሆነ፣ ሳይጨነቁ አረፉ።

ወንድማቸው ይህን ጽሑፍ ሲጨርስ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ከኋላቸው የቀሩትን ቆጠረ። «ወንድምና እህት» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ልጆቻቸው «ጻፈው እንጂ፣ አጎቴ፣ ይሄ ምን ያጠያይቃል?» አሉት። እርሱ ግን ሳይጠይቅ መጻፍ አልሆንልህ አለው። ተነስቶ፣ በመንገድ ዞሮ፣ የልብስ ሰፊዋን ዋና በር አንኳኳ። በሩን ሲከፍቱለት፣ «እህት ብዬ ልጻፍዎት ነበር፤ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አላቸው። ልብስ ሰፊዋ በሩን ይዘው ቆሙ። ከዚያ «ፈቅጃለሁ» አሉ።

ስለዚህ እማማ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና አንድ እህት ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ጥላና ውሃ ያልተለየው ማረፊያ ይስጥልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።